አዲስ ዓሣ በደሴ ቤት፦ ከባዶው መስታወት እስከ ሁለተኛው ወር

ዓሣ ለማኖር የሚነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ ዓሣው የሚኖርበትን መስታወት (አኳሪየሙን) እና ዓሣውን በአንድ ቀን ይገዛል። ውኃውን ሞልቶ፣ ዓሦቹን ለቅቆ፣ ልጆቹን ሰብስቦ ሲያሳይ ያመሻል። እስከ አራተኛው ወይም አምስተኛው ቀን ድረስ ሁሉም መልካም ይመስላል፤ ከዚያ በኋላ ግን ዓሦቹ ወደ ውኃው ገጽ እየወጡ አፋቸውን መክፈትና መክደን ይጀምራሉ፣ ሳምንቱ ሲያልቅም የሚተርፉት ጥቂቶች ናቸው። እኔም ደሴ ላይ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ዓሦቼን ያጣሁት በዚሁ መንገድ ነው። በጣም ያሳዘነኝ ውኃው እስከ መጨረሻው ቀን እንደ ምንጭ የጠራ መሆኑ ነበር። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል የሰማሁትን ያን ጊዜ በሌላ መልኩ ተረዳሁት።

ዓሣ የሚተነፍሰውም፣ የሚበላውም፣ የሚጸዳዳውም በዚያው ውኃ ውስጥ ነው። ከስንጥቡ (ከሚተነፍስበት አካል) የሚወጣውና ከኩሱ እንዲሁም ከተረፈ ምግብ መበስበስ የሚፈጠረው አሞኒያ በሰፊ ሐይቅ ውስጥ ተበትኖ ይቀልላል፤ በ60 ሊትር መስታወት ውስጥ ግን የሚሄድበት ስለሌለ ይከማችና ቀለም ሳያሳይ የዓሣውን ስንጥብ ያቃጥላል። ይህን መርዝ የሚያስወግዱልን በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ናቸው። አንደኞቹ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል፤ ናይትራይትም ራሱ የዓሣው ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም የሚያደርግ መርዝ ስለሆነ፣ ሁለተኞቹ ተቀብለው ጉዳቱ እጅግ ዝቅተኛ ወደ ሆነው ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትሬቱን እኛ በየሳምንቱ ውኃ በመቀየር እናስወጣዋለን። ባክቴሪያዎቹ በአብዛኛው የሚኖሩት በውኃው ውስጥ ተንሳፍፈው ሳይሆን በማጣሪያው ስፖንጅና በጠጠሩ ላይ ተጣብቀው ነው።

ለቤተሰቤ ነገሩን ያስረዳሁት በእርሾ ነው። የጤፍ ዱቄትና ውኃ ስለተቀላቀሉ ብቻ እንጀራ አይጋገርም፤ እርሾ ይገባበታል፣ ቀንም ይጠበቅለታል፣ እርሾ ያለቀባትም ከጎረቤት ትዋሳለች። የማጣሪያው ስፖንጅ የአኳሪየሙ እርሾ ነው። አዲስ አኳሪየም ማለት ገና ያልቦካ ሊጥ ማለት ስለሆነ፣ ዓሣው ከሁሉም ዕቃ በኋላ፣ በመጨረሻ የሚገዛ ነው።

መስታወቱና ቦታው

ለጀማሪ ትንሽ መስታወት ይቀልላል የሚለው አስተሳሰብ የተሳሳተ ነው። ውኃው ባነሰ ቁጥር ሙቀቱም መርዙም በፍጥነት ይለዋወጣል፤ ስለዚህ ከ60 ሊትር ባያንስ ይመረጣል። ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 30፣ ቁመቱ 36 ሳንቲ ሜትር የሆነ መስታወት እስከ አፉ ጥቂት ሲቀረው ቢሞላ 58 ሊትር ያህል ይይዛል። በመስታወት ቆራጭ የሚሠራ ከሆነ ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ ማጣበቂያው ሲሊኮንም ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠው የሻጋታ መከላከያ የተቀላቀለበት እንዳይሆን ማሸጊያው ላይ ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ። ከተጣበቀ በኋላ ሳምንት ያህል ደርቆ፣ የኮምጣጤ የመሰለው ሽታ ፈጽሞ ጠፍቶ፣ ውጭ ላይ ውኃ ሞልቶ ለሁለት ቀን ማፍሰስ አለማፍሰሱ ከታየ በኋላ ወደ ቤት ይገባል።

ውኃ፣ ጠጠርና መስታወት ሲደመሩ ከ75 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናሉ። ስለዚህ ሳሎን ውስጥ ባለ ቡፌ ወይም በቀጭን መደርደሪያ ላይ አይቀመጥም፤ ጠንካራና ውኃ ልክ የሆነ ጠረጴዛ ያስፈልገዋል፣ በሥሩም ስስ ፎም ይነጠፍለታል። ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበት መስኮት አጠገብ ከሆነ ውኃው በአረንጓዴ ዋቅላሚ (አልጌ) ይሸፈናል። በእኛ አገር ቤት ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። የአየር ፓምፕ የክፍሉን አየር ስቦ ወደ ውኃው ይነፋል፤ ቡና በሚቆላበት፣ ከሰል በሚነድበትና ዕጣን በሚጨስበት ክፍል ውስጥ ከሆነ ከአቦል እስከ በረካ ያለውን ጭስ ሁሉ ለዓሣው ያጠጣዋል። ፓምፑ በሌላ ክፍል ተቀምጦ ቱቦው ብቻ ቢገባ፣ ወይም አኳሪየሙ ቡና ከሚፈላበት ክፍል ቢርቅ ይሻላል። የትንኝና የዝንብ መርጫም በአኳሪየሙ ክፍል ውስጥ ፈጽሞ አይነፋ።

ከወንዝ የተለቀመ ጠጠር ለመጠቀም የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ኮምጣጤ ጠብ ያድርግበት፤ አረፋ ካወጣ ኖራነት ስላለው ማዕድኑን ውኃው ውስጥ ያበዛዋል፣ ይተዉት። አረፋ ያላወጣው ውኃው ጠርቶ እስኪወርድ ድረስ ያለ ሳሙና ይታጠባል። ሳሙና የነካው ባልዲ፣ ጨርቅም ሆነ እጅ ወደ አኳሪየም አይግባ፤ ለዓሣ ብቻ የሚሆን አንድ ባልዲ ለይቶ ምልክት ማድረግ ከብዙ ጥፋት ያድናል።

ብርድና አየር በደጋው ላይ

በሞቃት የባሕር ዳርቻ አገሮች የተጻፈ ምክር ለደሴ እንዳለ አይሠራም፤ ምክንያቱ ሁለት ነው። የመጀመሪያው ብርዱ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ በተለይ ከጥቅምት እስከ ጥር ጦሳ ተራራ ላይ የሚያድረው ብርድ ሌሊት ወደ ቤት ይገባል። አብዛኞቹ ለቤት የሚገዙ ዓሦች ግን ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሚሞቅ ውኃ ይፈልጋሉ። ክፍሉ ከሚፈለገው ሙቀት በአምስት ዲግሪ ያህል ብቻ የሚያንስ ከሆነ ለአንድ ሊትር አንድ ዋት የሚደርስ ማሞቂያ ይበቃል፤ የደሴ ክፍል ሌሊት ከአሥር ዲግሪ በላይ ስለሚያንስ ለ60 ሊትር ከ100 እስከ 150 ዋት ያስፈልጋል። ኮምቦልቻ ዝቅ ያለች ስለሆነች እዚያ አነስ ያለው ሊበቃ ይችላል። ማሞቂያው ሙቀቱን ራሱ የሚቆጣጠር ይሁን፣ ነገር ግን በላዩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ብቻ አምነው አይቀመጡ፤ ቴርሞሜትር በሌላኛው ጫፍ ያስቀምጡ። ውኃ ሲቀየር ማሞቂያው ከ15 ደቂቃ አስቀድሞ ከሶኬት ይነቀል፤ ከውኃ ውጭ ከጋለ የማሞቂያው መስታወት ይፈነዳል። ገመዱም ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ተንጠልጥሎ ይመለስ፤ የሚወርድ ጠብታ በዚያ ዝቅታ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ወደ ሶኬቱ አይደርስም።

ሁለተኛው ምክንያት አየሩ ነው፤ ይህንን ብዙ ሰው አያስብበትም። ከፍታው ሲጨምር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውኃው ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም ይቀንሳል። በ25 ዲግሪ ሙቀት፣ በባሕር ጠለል ላይ ያለ ውኃ በሊትር 8 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ በደሴ ከፍታ ላይ ያለው ግን ከ6 ብዙም አያልፍም። ሩብ ያህሉ የለም ማለት ነው። ስለዚህ የአየር ፓምፕ ለእኛ ጌጥ አይደለም፣ ቀንም ሌሊትም አይጠፋም፤ የዓሣውም ቁጥር ሌላ ቦታ ከሚመከረው በሩብ ይቀንስ። በተለይ ተክል ያለበት አኳሪየም ሌሊት ተክሉም ኦክስጅን ስለሚጠቀም፣ ውኃው በጣም የሚደክመው ሊነጋጋ ሲል ነው። ለጀማሪ የምመርጠው በአየር ፓምፕ የሚሠራውን የስፖንጅ ማጣሪያ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ያጣራል፣ አየርም ይሰጣል፣ ለባክቴሪያውም ሰፊ ቤት ነው።

ውኃውን ማሰናዳት

የቧንቧ ውኃ ለሰው ጤና ሲባል ክሎሪን ይገባበታል፤ ክሎሪን ደግሞ ስንጥቡንም ባክቴሪያውንም ይገድላል። አፉ በተከፈተ ሰፊ ባልዲ ውስጥ 24 ሰዓት ያህል፣ በተለይ የአየር ፓምፕ እየነፋበት ቢያድር፣ ክሎሪኑ ይወጣል፤ የውኃ ማስተካከያ ፈሳሽ ያገኘ ሰው ደግሞ በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን ቢጠቀም ወዲያውኑ ይሠራል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የሚኖር ሰው የሳምንቱን ቅያሪ አስቀድሞ በጀሪካን ይያዝ፤ በጀሪካን ወይም በሮቶ ተከድኖ የቆየው ግን ክሎሪኑ ስለማይወጣለት ከመጠቀም አንድ ቀን በፊት ወደ ባልዲ ይገልበጥ። በቤት ውስጥ ለመጠጥ ተብሎ ማከሚያ የተጨመረበትን ውኃ ለዓሣው አይስጡ። የጣራ ዝናብ ውኃም ማዕድን ስለሌለው ለብቻው አይሆንም።

ከዚህ በኋላ ጠጠሩ፣ ውኃው፣ ማጣሪያውና ማሞቂያው ተገጥመው፣ ሙቀቱ 26 ዲግሪ ገደማ ሆኖ፣ ዓሣ ሳይገባ ሥራው ይጀመራል። ባክቴሪያዎቹ የሚመገቡት አሞኒያ ስለሚያስፈልጋቸው፣ በየቀኑ በሁለት ጣት ቆንጠር ተደርጎ የዓሣ ምግብ ይጨመርላቸዋል፤ ምግቡ ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ሳምንት ውኃው ወተት የነካው ይመስል ሊደፈርስ ይችላል፤ ይህ የሚጠበቅ ነውና ውኃውን አይድፉት። እነዚህን መርዞች የሚለካ የውኃ መመርመሪያ ያለው ሰው በመጀመሪያ አሞኒያው ሲወጣ፣ ቀጥሎ እርሱ ሲወርድ ናይትራይቱ ሲወጣ፣ በመጨረሻም ሁለቱም ዜሮ ሆነው ናይትሬት ብቻ ሲቀር ያያል። ይህ ሁሉ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል፤ ውኃው ከቀዘቀዘ ደግሞ ይረዝማል።

ጊዜውን የሚያሳጥረው የተረጋገጠ መንገድ አንድ ነው፤ እርሾ መዋስ። ቢያንስ ሁለት ወር የሠራና ዓሦቹ ጤነኛ የሆኑበት አኳሪየም ያለው ወዳጅ ካለዎት ከስፖንጁ ቁራጭ ይለምኑ፤ ከዚያው አኳሪየም ውኃ ጋር በላስቲክ ተይዞ በአንድ ሰዓት ውስጥ ወደ እርስዎ ማጣሪያ ይግባ። ሁለተኛውን አኳሪየሜን ያስጀመርኩት በዚህ ነው። ቡናማ ጭቃ የመሰለና ለእይታ የማይማርክ፣ የእጅ መዳፍ የማታክል ቁራጭ ነበረች፤ በአሥራ ሁለተኛው ቀን አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ሆኑ።

መመርመሪያ ማግኘት ያልቻለ ሰው ስድስቱን ሳምንት ሙሉ ይታገሥ፣ ሲጀምርም ሁለት ወይም ሦስት ትናንሽ ዓሦችን ብቻ ያስገባ፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታትም በየሁለት ቀኑ ከውኃው አንድ አምስተኛውን ይቀይር።

የትኛው ዓሣ

ማሞቂያ ላለው የ60 ሊትር አኳሪየም ጋፒ ጥሩ ጀማሪ ነው፤ ለአንድ ወንድ ሁለት ወይም ሦስት ሴት ይሁኑ፣ አለበለዚያ ወንዶቹ ሴቶቹን እያባረሩ ያደክማሉ። ማሞቂያ የሌለው፣ ግን ክፍሉ ከ18 ዲግሪ የማይወርድ ሰው ዜብራ ዳኒዮ ይሞክር። ቤታ ከውኃው ገጽ አየር መሳብ ስለሚችል በጠርሙስ ይኖራል ተብሎ ይሸጣል፤ አየር መሳቡ እውነት ነው፣ ነገር ግን ሙቀቱን አይተውም፣ የደሴ ሌሊት በጠርሙስ ውስጥ ይገድለዋል። ወርቃማው ጎልድፊሽ ብርድ ቢችልም ከ15 ሳንቲ ሜትር በላይ የሚያድግና ብዙ የሚጸዳዳ ዓሣ ስለሆነ ለ60 ሊትር አልመክረውም። ከሐይቅ የተጠመደ የቆሮሶ ጫጩት ይዞ መምጣትም እንዲሁ ነው፤ ቆሮሶ ለማዕድ የሚበቃ ትልቅ ዓሣ ነው፣ በመስታወት ውስጥ አይመጥንም።

ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ

ዓሣውን ከአዲስ አበባ የሚያስመጣ ሰው ለ400 ኪሎ ሜትር መንገድ ማዘጋጀት አለበት። ሻጩ ዓሣውን ከጉዞው በፊት ለአንድ ቀን ምግብ እንዳይሰጠው ይጠይቁ፤ ባዶ ሆድ የተጓዘ ዓሣ ውኃውን አያቆሽሽም። ላስቲኩ አንድ ሦስተኛው ውኃ፣ ሁለት ሦስተኛው አየር፣ ቢቻል ኦክስጅን ይሁን፤ ድርብ ተደርጎ ይታሰር፣ ወደ ፎም ሣጥንም ይግባ። ሣጥኑ በምንም ምክንያት ፖርቶ መጋላ ላይ አይጫን። አውቶቡሱ ከ3,000 ሜትር በላይ የሆነውን የጣርማ በር ብርድ አልፎ ሸዋ ሮቢት ቆላ ውስጥ ይወርዳል፣ እንደገናም ወደ ደሴ ይወጣል፤ በአንድ ቀን ውስጥ ይህን ሁሉ የሚችለው በእግርዎ ሥር ያለ ሣጥን ብቻ ነው።

ቤት ሲደርስ የሚደረገው ነገር በመንገዱ ርዝመት ይለያያል። ዓሣው ከዚያው ከተማ፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የመጣ ከሆነ፣ ላስቲኩን ለ20 ደቂቃ በአኳሪየሙ ላይ አንሳፍፈው ሙቀቱን ካስተካከሉ በኋላ፣ በየአምስት ደቂቃው ግማሽ የቡና ሲኒ የአኳሪየም ውኃ እየጨመሩ ለ40 ደቂቃ ያለማምዱት። ቀኑን ሙሉ ለተጓዘ ዓሣ ግን ይህ ማዝገም ጉዳት አለው። በታሰረው ላስቲክ ውስጥ ዓሣው የሚያስወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውኃውን አሲዳም ስለሚያደርገው የተከማቸው አሞኒያ ብዙ አይጎዳም፤ ላስቲኩ ሲከፈት ግን ጋዙ ይወጣል፣ አሞኒያውም በደቂቃዎች ውስጥ ወደ መርዛማ መልኩ ይመለሳል። ስለዚህ ለረጅም ጉዞ ላስቲኩ እንደታሰረ ሙቀቱ ይስተካከል፣ ከተከፈተ በኋላ ግን ሳይዘገይ ዓሣው በመረብ ተይዞ ወደ አኳሪየሙ ይግባ። በሁለቱም መንገድ የላስቲኩ ውኃ ወደ አኳሪየሙ አይገለበጥም። የዚያን ዕለት መብራቱ ይጥፋ፣ ምግብም አይሰጥ፤ ልጆችም ዓሣው መደበቁን አይተው እንዳይሰጉ አብሽሩ በሏቸው፣ በማግሥቱ ይወጣል።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

አዲስ ዓሣ ከረኃብ ይልቅ በጥጋብ ይሞታል። በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ተበልቶ የሚያልቀው ብቻ ይሰጠው፤ የተረፈውም ይውጣ። እንግዳ ሲመጣ ዳቦና እንጀራ ቆርሶ ለዓሣው መጣል በቤታችን የፍቅር ምልክት ስለሆነ መከልከል ይከብዳል፤ እኔ የዕለቱን ምግብ በትንሽ ክዳን ለክቼ አስቀምጥና መስጠት ለሚፈልግ እንግዳ እርሱን እሰጠዋለሁ።

በየሳምንቱ ከውኃው ሩብ ያህሉ ይቀየራል። አዲሱ ውኃ ያደረ ይሁን፣ በፈላ ውኃ እየተደባለቀ ከአኳሪየሙ ጋር ከሁለት ዲግሪ በላይ እንዳይለያይ በቴርሞሜትር ይታይ። የሚደፋው ውኃ ለጓሮ ጎመን ጥሩ ማዳበሪያ ነው። ስፖንጁ ደግሞ የውኃው መውጫ ሲደፈን ብቻ፣ ከአኳሪየሙ በወጣው ውኃ ውስጥ ጭምቅ ጭምቅ ተደርጎ ይመለሳል እንጂ በቧንቧ አይታጠብም። ይህንን አጥብቄ የምጽፈው ስለደረሰብኝ ነው። በሦስተኛው ወር በዓል ሲቃረብ ቤቱ ሁሉ ሲጸዳ አኳሪየሙንም ላጽዳ ብዬ ውኃውን ሙሉ በሙሉ ደፋሁ፣ ጠጠሩን አጠብኩ፣ ስፖንጁን ነጭ እስኪሆን በቧንቧ ጨመቅሁት። በዓሉ ባለፈ በአምስተኛው ቀን አራት ዓሣ ሞተ። በእጄ ያጠብኩት ቆሻሻ መስሎኝ የነበረው እርሾው ነበር።

ዓሦቹ ገጹ ላይ ሆነው ሲያለከልኩ ወይም ስንጥባቸው ሲቀላ ካዩ፣ ምክንያቱን ከመፈለግዎ በፊት ወዲያውኑ ከውኃው አንድ ሦስተኛውን ይቀይሩ፣ አየሩን ያጠንክሩ፣ ምግብ ያቁሙ። ምርመራው ናይትራይት ካሳየ ለአንድ ሊትር አንድ ግራም ጨው በውኃ አሟሙቶ ቀስ ብሎ መጨመር ናይትራይቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያግዛል።

በሰውነታቸው ላይ እንደ ስኳር ቅንጣት ያለ ነጭ ነጠብጣብ ከታየ፣ ውኃው ሲቀዘቅዝባቸው የሚበረታ ጥገኛ ተሐዋሲ ነው። መድኃኒት የሚደርሰው ተሐዋሲው ከዓሣው ወርዶ በውኃው ውስጥ በሚዋኝበት ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ ነጠብጣቡ ስለጠፋ ሕክምናው አይቋረጥም። ሙቀቱን በቀን አንድ ሁለት ዲግሪ እየጨመሩ ወደ 29 ማድረስ፣ በሊትር ከ2 እስከ 3 ግራም ጨው መጨመርና ሁለት ሳምንት መጽናት ይረዳል። ነገር ግን የሞቀ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን ያነሰ ስለሆነ፣ በእኛ ከፍታ ያለ ጠንካራ የአየር ፓምፕ ይህን ማድረግ ዓሣውን ማፈን ነው።

መብራት ሲጠፋ

አንድ የታኅሣሥ ሌሊት መብራት ጠፍቶ ሳላውቅ ተኝቼ፣ ሊነጋ ሲል የፓምፑ ድምፅ አለመኖሩ ቀሰቀሰኝ። በስልኬ ብርሃን ሳይ ሁሉም ዓሦች አፋቸውን ወደ ላይ አድርገው በአንድ ጥግ ተሰብስበዋል፤ የስንጥባቸው ክዳን በፍጥነት ይከፈታል ይዘጋል፣ መስታወቱም ለእጅ ይቀዘቅዛል። በጆግ ውኃውን እየቀዳሁ ከአንድ ስንዝር ከፍታ መልሼ ማፍሰስ ጀመርሁ፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ አንደኛው ወደ ጠጠሩ ወረደ፣ ሌሎቹም ተከተሉት።

ከዚያ ወዲህ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ አጠገቡ አይጠፋም። እርሱ ከሌለ ጆጉን በየግማሽ ሰዓቱ ለአምስት ደቂቃ ይጠቀሙ። መስታወቱን ዙሪያውን በብርድ ልብስ ይጠቅልሉ፣ አፉን ግን ክፍት ይተዉት። ሃይላንድ ውስጥ ሙቅ ውኃ ጨምረው፣ ጥርቅም አድርገው ዘግተው ማንሳፈፍ ሙቀቱን ይጠብቃል፤ ከሰል በማንደጃ አምጥቶ ክፍሉን ማሞቅ ግን ለሰውም ለዓሣም አደገኛ ነው። መብራቱ እስኪመጣ ምግብ አይሰጥም። ማጣሪያው በውጭ የሚቀመጥ የተዘጋ ዓይነት ከሆነና ከጥቂት ሰዓት በላይ ከቆመ፣ በውስጡ የታፈነውን ውኃ ሳይደፉ አያስነሡት።

ጋፒ በወር አንድ ጊዜ ገደማ ስለሚወልድ፣ በሁለተኛው ወር አኳሪየሙ በጫጩት ሊሞላ ይችላል። ትርፉን ወደ ሐይቅ ሐይቅ፣ ወደ አርዲቦ ሐይቅም ሆነ ወደ ወንዝ አይልቀቁ፤ የሐይቅ ሐይቅ የወንዝ መውጫ የሌለው ስለሆነ የገባው በሽታም ዓሣም እዚያው ይቀራል። ይልቁንም ለጎረቤት ይስጡ፤ ዓሣው ከመሄዱ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎም ከስፖንጅዎ አንድ ቁራጭ ይላኩለት።